ሚዛኑና ሲኒው፦ ትምህርተ ክርስቶስን በዕለት ኑሮ ስለ መተርጎም

እምነት በቃል ብቻ የሚነገር ነገር ቢሆን ኖሮ ክርስቲያን መሆን ቀላል በሆነ ነበር። ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ ያጠና ሕፃን፣ ዐሥርቱን ትእዛዛት ሳይሳሳት የሚያወርድ ወጣት፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ የማይቀር ሽማግሌ በየቁምስናው አለ፤ ስለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን። ጥያቄው የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። እሑድ የተሰማው ቃል ሰኞ ጠዋት የት ይውላል? ከመቅደሱ ደጃፍ ተነሥቶ እስከ ገበያው፣ እስከ ቡናው ማሳ፣ እስከ ጓዳው ድረስ አብሮን ይሄዳልን? ወይስ ነጠላው ታጥፎ ሲቀመጥ እርሱም አብሮ ይታጠፋል?

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ቤተ ክርስቲያን በዘመናዊው ዓለም ውስጥ ስላላት ድርሻ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ድንጋጌ (ቁ. 43)፣ በአፍ በሚመሰከረው እምነትና በየዕለቱ በሚኖረው ሕይወት መካከል ያለውን መለያየት ከዘመናችን ከባድ ስሕተቶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ጉባኤው ይህን «ድካም» ብሎ ብቻ እንዳላለፈው ልብ ማለት ይገባል። ድካም የሚያውቁትን አለመፈጸም ነው፤ ስሕተት ግን ከሥሩ የተጣመመ ሐሳብ አለው። ይኸውም «ሃይማኖት ሌላ፣ ኑሮ ሌላ» የሚለው ሐሳብ ነው። በዚህ ሐሳብ የሚመራ ሰው ለእግዚአብሔር በሳምንት አንድ ቀን ሰጥቶ ስድስቱን ለራሱ ያስቀራል፤ በስድስቱ ቀን ለሚሠራውም ሥራ ንስሐ የሚገባበት ምክንያት አይታየውም።

ይህን ጉዳይ በጥቅሉ ማውሳት ለማንም አያስቸግርም፤ የሚጠቅመው ግን እጅ የሚይዘውን፣ ዐይን የሚያየውን ነገር አንሥቶ መመርመር ነው። ስለዚህ ከዚሁ ከቡናው ምድር ሁለት ዕቃዎችን እንምረጥ። አንደኛው ሚዛን ነው፤ ሁለተኛው ሲኒ ነው።

የምንኖርበት ምድር

ከቦንጋ እስከ ሚዛን ተፈሪ፣ ከሚዛን ተፈሪም እስከ ቴፒ ያለው አገር ቡና በጫካ ውስጥ ሰው ሳይተክለው የሚበቅልበት አገር ነው። የከፋ ጫካ በ2010፣ የሸካ ጫካ በ2012 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብተዋል። በ1930ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ከጌሻ አካባቢ የተወሰደው የቡና ዘር ባሕር ተሻግሮ ፓናማ ደርሶ በ2004 (እ.ኤ.አ.) በዚያች አገር የቡና ውድድር ከተደነቀ ወዲህ የጌሻ ስም በዓለም ገበያ ታውቋል። በጓሮው ቡና የሌለው ገበሬ በዚህ ምድር ብዙ አይገኝም፤ የልጆች ደብተር፣ የቤት ቆርቆሮ፣ የሠርግና የለቅሶ ወጪ ሁሉ ከቡና ይወጣል።

የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ስብከትም በዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። ካፑቺናዊው ጳጳስ አቡነ ማስያስ ከ1859 እስከ 1861 (እ.ኤ.አ.) በከፋ መንግሥት ውስጥ አስተምረው፣ ኋላም ተባርረው ወጥተዋል። የጅማ ቦንጋ ሐዋርያዊ አስተዳደር በ1994 (እ.ኤ.አ.) ተመሥርቶ በ2009 ወደ ሐዋርያዊ ቪካሪያትነት ከፍ ብሏል። ወንጌል ከተሰበከ ብዙ ዘመን ሆኖታል ማለት ነው። እንግዲህ ጥያቄው «ወንጌል ተሰምቷልን?» ሳይሆን «የተሰማው ወንጌል በሚዛኑና በሲኒው ላይ ምን አደረገ?» የሚል ይሆናል።

ሀ. ሚዛኑ

ከመስከረም ጀምሮ ቡናው ሲቀላ አገሩ ሁሉ ይነቃነቃል። ወደ ታላላቆቹ የበበቃና የቴፒ እርሻዎች፣ ወደ ባለሀብቶችና ወደ ባለ ጓሮዎች ማሳ ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሌላም ሥፍራ ለቃሚዎች ይመጣሉ። ለቃሚው የሚከፈለው ባለቀመው እሸት ኪሎ ነው፤ ገበሬውም እሸቱን ወይም ጀንፈሉን ለሰብሳቢ ሲያስረክብ የሚከፈለው በኪሎ ነው። ስለዚህ የቀኑ ድካም ሁሉ፣ ዝናቡም ጉንዳኑም፣ በመጨረሻ በአንዲት መርፌ ላይ ያርፋል። መርፌዋ እውነት ከተናገረች ድካሙ ዋጋ አገኘ፤ ከዋሸች ግን ተሰረቀ።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ለምሳሌ ያህል አንዲት ለቃሚ በቀን 30 ኪሎ እሸት ለቅማ ሚዛኑ 28 ብሎ ቢያነብ የጠፋባት 2 ኪሎ ብቻ ነው፤ ማንም ስለ 2 ኪሎ አይጨቃጨቅም። ይህ ግን ለ40 ቀን ቢቀጥል 80 ኪሎ እሸት ይሆናል። ከ5 እስከ 6 ኪሎ የሚሆን እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ስለሚወጣው፣ ከዚህች አንዲት ሴት ላይ ከ13 እስከ 16 ኪሎ ንጹሕ ቡና ተወስዷል ማለት ነው፤ 17 ኪሎ የሆነው የቡና ነጋዴዎች ፈረሱላ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ሌባው በሌሊት ገብቶ አንድ ፈረሱላ ቡና ቢሰርቅ መንደሩ ሁሉ ይጮኻል። በቀን፣ በሰው ፊት፣ በጥቂት በጥቂቱ ሲወሰድ ግን ድምፅ የለውም። ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ሚዛን ደጋግሞ የሚናገረው ይህን ዝምታ ስለሚያውቅ ነው። ሕጉ እውነተኛ ሚዛንና እውነተኛ መመዘኛ እንዲኖር ያዝዛል (ዘሌ. 19፡35-36)፤ ነቢዩ አሞጽ ሰንበቱ እስኪያልፍላቸው ቸኩለው መስፈሪያውን ሊያሳንሱ የሚጠባበቁትን ነጋዴዎች ይገሥጻል (አሞጽ 8፡5)። የአሞጽ ነጋዴዎች ሰንበትን ያከብሩ እንደ ነበር እናስተውል። ጥፋታቸው ሰንበቱን መሻራቸው ሳይሆን ሰንበቱ ወደ ማግሥቱ እንዳይሻገር መከልከላቸው ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ፣ በቀላሉም የማይመለስ አንድ መከራከሪያ አለ። አንድ ቅን ሰብሳቢ «እኔ ብቻዬን በእውነት ብመዝን ከገበያ እወጣለሁ» ይላል። እውነቱን ነው ወይ? ለምሳሌ አንዱ ሰብሳቢ ለአንድ ኪሎ እሸት 100 ብር እከፍላለሁ ብሎ በትክክል ይመዝናል እንበል። ሌላው 105 ብር ብሎ ይጠራና ከ10 ኪሎው 1 ኪሎ ይደብቃል። 10 ኪሎ ያመጣ ገበሬ ከመጀመሪያው ዘንድ 1000 ብር፣ ከሁለተኛው ዘንድ 945 ብር ያገኛል። ገበሬው ግን የሚሰማው የተጠራውን ዋጋ ነውና ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። በዚህ ዓይነት ውሸተኛው ለጋስ፣ እውነተኛው ሥሥታም መስሎ ይታያል። እንግዲህ ለዚህ ቅን ሰው «እግዚአብሔር ይባርክሃል» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ኪሳራው እውነተኛ ኪሳራ ነውና።

መልሱ ሁለት ክፍል ያለው ይመስለናል። የመጀመሪያው ለሰውየው ነው፦ አለመስረቅ የጎረቤትን አለመስረቅ አይጠብቅም። ሁሉም ቢሰርቅ እንኳ የተሰረቀው ኪሎ የለቃሚዋ ኪሎ መሆኑ አይቀርም። ሁለተኛው ግን ለማኅበረሰቡ ነው፦ እውነተኛውን ብቻውን የሚተው ማኅበረሰብ ከስርቆቱ ተካፋይ ይሆናል። ሚዛኑ የተሰወረ እስከ ሆነ ድረስ ቅንነት ያስከስራል፤ ሚዛኑ በብርሃን ሲቆም ግን ማታለል ያስከስራል። ስለዚህ ቅን ሰውን ማመስገን ብቻ ሳይሆን ቅንነት የሚቻልበትን ሁኔታ መሥራት የምእመናን ሁሉ ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል ያሻል። በሻጩም እጅ ስሕተት ይገኛል። ጀንፈሉን ውኃ የሚያርከፈክፍ፣ ያልቀላውን ከቀላው ጋር የሚቀላቅል፣ ከኬሻው ሥር ጠጠር የሚያስገባ አለ። «ነጋዴው ስለሚሰርቀኝ እኔም እሰርቀዋለሁ» የሚለው ሰው ሚዛኑን ያስተካከለ ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን ሁለት ሐሰተኛ ሚዛን ማቆም ነው። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ በሽያጭ ስለሚሠራ ማታለል ሲያስተምር ሁለቱንም ወገን በአንድ ሕግ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመርፌዋ ሌላ፣ የማይታይ ሚዛንም አለ። በክረምት፣ የቤት እህል ሲያልቅ፣ የልጆች መመዝገቢያ ሲደርስ ገበሬው ገና ያልቀላውን ቡና አስይዞ ገንዘብ ይወስዳል፤ በመከር ጊዜም በክረምት በተቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ ያስረክባል። አበዳሪው «ወዶ ተስማምቷል፤ ማን አስገደደው?» ይላል። ለዚህ ር.ሊ.ጳ. ልዮን 13ኛ በ1891 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሠራተኞች ሁኔታ በጻፉት መልእክት አስቀድመው መልስ ሰጥተዋል፦ ሰው ከችግር ወይም ከሚብስ ክፉ ፍርሃት የተነሣ የከበደ ውል ቢቀበል የግፍ ሰለባ እንጂ ነጻ ተዋዋይ እንዳልሆነ አስተምረዋል። እንዲሁም ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 14ኛ በ1745 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት መልእክት ከብድሩ ከራሱ ብቻ የሚፈለገውን ትርፍ ኰንነው፣ አበዳሪው በእውነት ስለሚደርስበት ጉዳት ወይም ስለ ሌላ ተገቢ ምክንያት የሚጠየቀውን ግን ለይተው አይተዋል። እንግዲህ የሚያበድር ሁሉ አራጣ በሊ አይደለም። የቡና ዋጋ የሚዋዥቅ ነውና የሚያበድረውም ሰው ሊከስር ይችላል፤ በ2001 (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቷል። መለያው ይህ ነው፦ አበዳሪው የራሱን ኪሳራ ነውን የሚሸፍነው? ወይስ የወንድሙን ረኀብ ነው የሚሸጠው?

ስለ መመለስ

ሚዛኑን ያጣመመ ሰው ቢጸጸት ምን ያድርግ? ብዙዎች ተናዝዞ ቀኖናውን መፈጸም የሚበቃ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ የምታስተምረው፣ የሰው ገንዘብ የወሰደ ሰው ንስሐው እውነተኛ የሚሆነው የወሰደውን ሲመልስ መሆኑን ነው። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ስለ ኀዘኑ ብዙ አልተናገረም፤ ያታለለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቈጠረ እንጂ (ሉቃ. 19፡8)። ለቃሚዎቹ ወደየአገራቸው ተበትነው ባለቤቱ ባይገኝስ? ቅዱስ ቶማስ ስለዚህ ሲያስተምር፣ ባለ ገንዘቡን በሚገባ ፈልጎ ያላገኘ ሰው ገንዘቡን ስለ ባለቤቱ ለድኾች ይስጥ ይላል። ይህ ግን ምጽዋት ተብሎ ለሰጪው ክብር የሚቈጠር አይደለም፤ ዕዳ ነውና።

ከዚህም የሚከተል፣ ለቁምስናዎች የሚከብድ ነገር አለ። በመከር ማግሥት ለጸሎት ቤት ቆርቆሮ፣ ለበዓል በሬ የሚሰጥ ለጋስ ሰው በየሥፍራው ይገኛል። ጉባኤው ያጨበጭባል፤ ስሙም ይጠራል። መጽሐፈ ሲራክ ግን ከድኻ ንብረት የሚቀርብን መሥዋዕት ልጅን በአባቱ ፊት ከማረድ ጋር ያስተያየዋል (ሲራክ 34)። ይህ ቃል ለሰጪው ብቻ ሳይሆን ለተቀባዩም የተነገረ ነው። ስጦታውን ከመቀበል በፊት ሰጪውን መመርመር አይገባ ይሆናል፤ ነገር ግን ለቃሚዎቹ ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ እንዳሉ እየታወቀ የሚሰጥ ቆርቆሮ ጣሪያ ሆኖ ሲያገለግል፣ ከሥሩ የሚቀመጡት ሁሉ በዚያ ደመወዝ ተጠልለው ይጸልያሉ። ሐዋርያው ያዕቆብ የተከለከለው የሠራተኞች ደመወዝ እንደሚጮኽ ጽፏል (ያዕ. 5፡4)፤ ጩኸቱም ቆርቆሮ አይከለክለውም።

ለ. ሲኒው

ሚዛን በገበያ ነው፤ ሲኒ ግን በቤት ነው። በአገራችን «ቡና ጠጡ» የሚል ጥሪ ከመጠጡ ይበልጣል። ቤት ለቤት ተጠራርቶ መጠጣት፣ ሦስቱን ጀበና ጨርሶ መነሣት፣ በዚያ መካከል የታመመውን መጠየቅ፣ የተጣላውን ማስታረቅ፣ ይህ ሁሉ የጎረቤትነት ሥርዓት ነው። ከቡና ቅጠል የሚፈላው ጨሞም እንዲሁ ጎረቤትን ይሰበስባል። እንግዲህ ከዚህ ጥሪ የተለየ ሰው ከማኅበረሰቡ የተለየ ነው።

በከፋና በሸካ ማንጆ ተብለው የሚጠሩ ወገኖቻችን ለዘመናት ከዚህ ጥሪ ተለይተው ኖረዋል። በጥንቱ የከፋ መንግሥት የአገሩን በሮች ከሚጠብቁት መካከል ነበሩ፤ በአደን ይታወቁ ነበር፤ ኋላም ብዙዎቹ ማገዶና ከሰል ለከተማው በማቅረብ ይተዳደራሉ። ሌላው የማይበላውን የዱር እንስሳ ሥጋ ይበላሉ ተብለው «ርኩሳን» የሚል ስም ተሰጣቸው። ከዚህም የተነሣ በአንድ ገበታ አለመቅረብ፣ ቤት አለመግባት፣ በተለየ ዕቃ መጠጣት፣ በጋብቻ አለመተሳሰር ልማድ ሆነ። በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል በሸክላ ሠሪው፣ በቀጥቃጩና በቆዳ ፋቂው ላይ የደረሰው መገለል ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሕግ ይህን ሁሉ ከከለከለ ቆይቷል። ሰው ራሱ በገበያ ይሸጥበት የነበረው ባርነት እንኳ፣ ከከፋና ከማጂ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቀርቷል። ነገር ግን ሰውን በደረጃ የሚያስቀምጥ ልማድ ከሕጉ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል፤ ምክንያቱም ሕግ ወደ ጓዳ ገብቶ ሲኒ አይቈጥርም።

በዚህ ላይ የሚነገረው መከራከሪያ «የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ ጥላቻ የለብንም» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ በቅንነት ነው የሚሉት። በእርግጥም በልባቸው ጥላቻ ላይኖር ይችላል። ነገር ግን የተለየው ሲኒ ለሚቀርብለት ሰው የሚናገረው ነገር በአቅራቢው ልብ ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ ሲኒው ራሱ ይናገራል። ሕፃኑም ከአባቱ ስብከት ሳይሆን ከእናቱ መደርደሪያ ይማራል፦ ይህ የእኛ፣ ይህ የእነርሱ ነው። ስለ ንጽሕናም ቢሆን ጌታችን ሰውን የሚያረክሰው ከውጭ የሚገባው ሳይሆን ከልብ የሚወጣው መሆኑን አስተምሯል (ማር. 7፡14-23)።

ይህን ጉዳይ በይበልጥ የሚያበራልን ግን በአንጾኪያ የሆነው ነገር ነው (ገላ. 2፡11-14)። ቅዱስ ጴጥሮስ እግዚአብሔር ማንንም ርኩስ ብሎ እንዳይጠራ በራእይ ተምሮ ነበር፤ በቆርኔሌዎስም ቤት ገብቶ ነበር (ሐዋ. 10)። በአንጾኪያም ከአሕዛብ ወገን ከሆኑት ክርስቲያኖች ጋር ይበላ ነበር። ይሁን እንጂ ሌሎች በመጡ ጊዜ ሰውን ፈርቶ ከገበታቸው ፈቀቅ አለ። ጴጥሮስ ትምህርት አልጎደለውም፤ ትምህርቱን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። የጎደለው በአንድ ገበታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በሰው ዐይን ፊት የሚሆን ድፍረት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የገሠጸው አዲስ ትምህርት በማምጣት ሳይሆን፣ አካሄዱ ከወንጌል እውነት ጋር እንዳልቀና በማሳየት ነው። ከመሶብ ፈቀቅ ማለት የምግባር ጉድለት ብቻ ሳይሆን የወንጌል ጉዳይ መሆኑን ሐዋርያው በዚህ አስታወቀን። ከአንድ ጽዋ በሚቈርቡ ምእመናን መካከል፣ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ዓይነት ሲኒ ቢቀርብ፣ ሁለተኛው ሥርዓት የመጀመሪያውን ያስተባብላል።

ሁለቱ አንድ ስለ መሆናቸው

ሚዛንና ሲኒ ሁለት የተለያዩ ኀጢአቶችን የሚያሳዩ ይመስላሉ፤ አንዱ የገንዘብ፣ ሌላው የክብር። ነገር ግን ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱም ሰውን ይለካሉ። ሐሰተኛው ሚዛን «ድካምህ ከእኔ ድካም ያነሰ ነው» ይላል፤ የተለየው ሲኒ ደግሞ «አንተ ራስህ ከእኔ ታንሳለህ» ይላል። ከዚህም የተነሣ አንዱን አቃንቶ ሌላውን መተው አይቻልም። ለለቃሚዎቹ እስከ መጨረሻው ሳንቲም የሚከፍል፣ ግን ከመካከላቸው አንዱን በጓሮ በኩል የሚያበላ ባለ ማሳ ጽድቁ ግማሽ ነው። ሁሉንም በአንድ መሶብ የሚያበላ፣ በማግሥቱ ግን ኪሎ የሚደብቅ ሰውም እንዲሁ ነው። የሚያሳፍረው በአንድ ራስ ሁለት ምላስ መሆኑ ነው።

ምን ይደረግ?

ትምህርት በሥራ የሚተረጎመው በታላቅ ውሳኔ ሳይሆን በትንሽ ሥርዓት ነውና፣ እያንዳንዱ ቁምስና ከመከር በፊት የሚከተሉትን ቢመክርባቸው መልካም ይመስለናል።

1ኛ. በየጸሎት ቤቱ ማንም ሚዛኑን ሊፈትንበት የሚችል የታወቀ ክብደት ይኑር። ውድ ነገር አያስፈልግም፤ የአንድ ሊትር ውኃ ክብደት አንድ ኪሎ ነውና፣ በሊትር እየተለካ 20 ሊትር ውኃ የተሞላበት ጀሪካን፣ የባዶው ጀሪካን ክብደት ሲደመርበት፣ ሐሰተኛውን ሚዛን ያጋልጣል። በዚህ ክብደት በገዛ ፈቃዱ በሰው ፊት ሚዛኑን የሚያስፈትን ሰብሳቢ ሲገኝ ምእመናን ቡናቸውን ወደ እርሱ ይውሰዱ፤ ቅን ሰው እንዳይከስር የሚደረገው በዚህ ነው።

2ኛ. ምእመናን ከመከር ገቢያቸው ጥቂት ጥቂት አዋጥተው፣ በክረምት ለተቸገረ አባል ያለ አራጣ የሚያበድር ዕቁብን ወይም ማኅበርን የመሰለ ቁጠባ ያቋቁሙ። አራጣን በስብከት ብቻ መኰነን የተራበውን አያጠግብም።

3ኛ. ለለቃሚ የሚገባው ሒሳብ ወደ አገሩ ከመነሣቱ በፊት፣ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት፣ በእጁ ይከፈለው (ዘዳ. 24፡14-15)።

4ኛ. በቁምስና በዓል፣ በማኅበር፣ በለቅሶ ቤት የሚቀርበው ዕቃ አንድ ዓይነት ይሁን። ይህ በማስታወቂያ አይፈጸምም፤ ሽማግሌዎችና ካቴኪስቶች አስቀድመው ከተገለሉት ወገኖች ቤት ገብተው፣ በዚያ ቤት ሲኒ ቡና ጠጥተው ሲወጡ መንደሩ ያያል። መጋበዝ ብቻ ሳይሆን መጋበዝን መቀበልም ያስፈልጋል፤ ክብር የሚታየው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ነው።

5ኛ. ወላጆች ልጆቻቸውን ለምሥጢረ ንስሐ ሲያዘጋጁ «ጸሎትህን ረስተሃልን?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «በሰው ላይ ስቀሃልን? የሰው ድካም ወስደሃልን?» ብለው መጠየቅን ያስለምዱ።

ይህን ስንል ነገሩ በአንድ መከር ይፈጸማል ብለን አይደለም። የመጀመሪያው ሰብሳቢ ሚዛኑን በአደባባይ ሲያስፈትን ይሣቅበት ይሆናል፤ የመጀመሪያዋ እናት ሲኒዎቿን ስትቀላቅል ጎረቤቷ ትቀርባት ይሆናል። እነዚህን ሰዎች ቤተ ክርስቲያን በስማቸው ልታውቃቸው፣ ልትጎበኛቸው፣ ኪሳራቸውን ልትካፈል ይገባታል። በመጪው መከር ቡናው ሲቀላ፣ ከእሑድ ቅዳሴ ወጥተን ሰኞ ወደ ማሳችን ስንወርድ፣ የሰማነውን ቃል በእጃችን ይዘን እንድንወርድ እግዚአብሔር ይርዳን።